ካባ የደረበ ጩኸት

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ «ታላቅ ነው» ተብሎ ሲነገር፣ ታላቅነቱ ከምን እንደተገኘ መጠየቅ የአድማጭም የተመልካችም መብት ነው። ጥያቄው ሳይነሣ የቀረ እንደሆነ ውዳሴው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ይደልባል፤ ከጊዜ ብዛትም ሥራውን የሰማ ሳይሆን ውዳሴውን የሰማ ሰው ምስክር ሆኖ ይቆማል። ስማቸው ከሥራቸው ቀድሞ ከሄደ የሙዚቃ ቡድኖች መካከል በ1970 በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው የኤመርሰን፣ ሌክና ፓልመር ቡድን በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሮክን ከክላሲካል ሙዚቃ ጋር አዋሐደ፤ የወጣቶችን ሙዚቃ ወደ ከፍተኛ ሥነ ጥበብ ደረጃ አነሣ፤ ተራርቀው የኖሩ ሁለት ዓለማትን አገናኘ ተብሎለታል። ይህ ውዳሴ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት ዛሬም በሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ውዳሴውን አይቀበልም። አለመቀበሉም «እኔን አልጣመኝም» ከሚል የምላስ ጉዳይ የመነጨ አይደለም፤ ምንም እንኳ በእርግጥ ባይጥመኝም።

ቡድኑ ሲመሠረት ሦስቱም አባላት በሙያው አዲስ አልነበሩም። ኦርጋንና ፒያኖ ተጫዋቹ ኪዝ ኤመርሰን «ዘ ናይስ» ከተባለው ቡድን፣ ዘፋኙና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ግሬግ ሌክ ከ«ኪንግ ክሪምሰን»፣ ከበሮ መቺው ካርል ፓልመር ደግሞ ከ«አቶሚክ ሩስተር» የመጡ ናቸው። ስለዚህ ገና አንድ ሸክላ ሳያስቀርጹ ዝናቸው ተሰናድቶ ይጠብቃቸው ነበር። በኦገስት 1970 በዋይት ደሴት በተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ፣ ቁጥሩ በመቶ ሺህ በሚገመት ሕዝብ ፊት ሲቀርቡ በመድረክ ላይ ገና ሁለተኛ ጊዜያቸው ነበር። ከዚያ ትርኢት ለብዙዎች በአእምሮ የቀረው ዜማው ሳይሆን ከመድረኩ የተተኮሰው መድፍ ነው። በብሪታንያ ሬዲዮ የታወቀ የሙዚቃ ፕሮግራም አቅራቢ የነበረው ጆን ፒል፣ ነገሩን የተሰጥኦና የኤሌክትሪክ ኃይል ብክነት ብሎ እንደነቀፈው በሰፊው ይነገራል። ፍርዱ ሻካራ ነው። ስለ ኤሌክትሪኩ ግን የምከራከርለት ነገር የለኝም።

የቴአትር ሰው እንደመሆኔ ስለ መድረኩ ነገር ጥቂት ልበል። በመድረክ ላይ የሚታይ ድርጊት ሁሉ ከታሪኩ ሆድ መውጣት ይኖርበታል። ተዋናይ ወንበር የሚሰብረው፣ ወንበር የሚያሰብር ነገር በነፍሱ ውስጥ ሲደርስ ነው። ታሪኩ ሳያዝዘው የሚሰብር ተዋናይ ቢኖር፣ ጭብጨባ አያጣም፤ የቴአትር ሰዎች ግን ምን ብለን እንደምንጠራው እናውቃለን። ኤመርሰን ሃሞንድ ኦርጋኑን እያጋደመ ሲጋልበው፣ ጩቤ መዝዞ በቁልፎቹ መካከል እየሰካ ሲያስጮኸው፣ ተመልካቹ በደስታ ይሰክራል። ኦርጋኑ ለምን ተወጋ? ከጩቤው በፊት የነበረው ዜማ ምን ብሎ አስወጋው? ለዚህ መልስ የለም። በኤፕሪል 1974 በካሊፎርኒያ፣ ኦንታሪዮ በተባለች ከተማ በሚገኝ የመኪና ውድድር ሜዳ ላይ በተካሄደው «ካሊፎርኒያ ጃም» ደግሞ ትልቁ ፒያኖ ከነተጫዋቹ ወደ አየር ተነሥቶ እየተገለባበጠ ተሽከረከረ። ያን ትርኢት ያዩ ሰዎች ፒያኖው መሽከርከሩን ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ፒያኖው እየተሽከረከረ ምን ዜማ እንዳሰማ የነገረኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ሌክ የሚቆምበት የፋርስ ምንጣፍ፣ ሁለት ቶን ተኩል ገደማ ይመዝናል የሚባለው የፓልመር የብረት ከበሮ፣ እነዚህ ሁሉ ስለ ቡድኑ በተጻፈው ሁሉ ውስጥ ቦታቸውን ይዘዋል። ስለ አንድ ባለ ዋሽንት ሲተረክ የዋሽንቱ ክብደት ሲነገር ሰምቶ የሚያውቅ አለን?

በችሎታቸው ላይ ክርክር የለኝም። ኤመርሰን ግራ እጁ አንድ ሐረግ ሳያቋርጥ እየደጋገመ ቀኝ እጁን እንዳሻው የሚያስሮጥ፣ ሙግ የተባለውን ሲንተሳይዘር ከመድረክ ሙዚቃ ጋር ካስተዋወቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነበር። የፓልመር ክንድ ፈጣን ነው፤ የሌክም ድምፅ ጥርት ያለና ለስላሳ ነው። እንዲያውም ከሥራዎቻቸው ሁሉ እኔ የምወደው በመጀመሪያው ሸክላቸው መጨረሻ ላይ የሚገኘውን «ላኪ ማን» የተሰኘውን ዘፈን ነው። ሌክ ገና ልጅ ሳለ በጊታር የደረሰው፣ ጥቂት ድምፆች ብቻ ያሉት፣ አንድ ባለጸጋ ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ ሲሞት የሚተርክ ዘፈን ነው። ኤመርሰን መጨረሻው ላይ በሲንተሳይዘሩ ያስገባው ጩኸት እንኳ እዚያ ቦታ አለው፤ የሞተው ሰው ነውና። ይህ ዘፈን ከማንም ካባ አልተበደረም። እነሱ ግን በዚህ መንገድ መቀጠልን እንደ ማነስ ቆጠሩት።

ከሁሉ በላይ ያስወደሳቸው ሥራ በማርች 1971 በኒውካስል ከተማ አዳራሽ በሕዝብ ፊት የተቀረጸውና በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው፣ የሩሲያዊው የሞደስት ሙሶርግስኪ «ሥዕሎች በዐውደ ርእይ» ነው። ሸክላው በእንግሊዝ አገር በሽያጭ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ወዳጆቻቸው እንደ ዋና ማስረጃ የሚያቀርቡት እሱን ስለሆነ እኔም ሙግቴን እዚሁ ላይ ላሳርፍ።

ሙሶርግስኪ ድርሰቱን ለፒያኖ የጻፈው በ1874 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የልብ ወዳጁ፣ ሠዓሊና የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ የነበረው ቪክቶር ሃርትማን፣ በ39 ዓመቱ በድንገት ሞቶበታል። ሃያሲው ቭላዲሚር ስታሶቭ የሟቹ ሥራዎች ተሰባስበው በሴንት ፒተርስበርግ ለሕዝብ እንዲታዩ አደረገ። ሙሶርግስኪ ወዳጁ የተወውን ነገር እያየ በአዳራሹ ውስጥ ተመላለሰ፤ ከዚያም በሦስት ሳምንት ገደማ ዐሥር ሥዕሎችን ወደ ዐሥር የሙዚቃ ክፍሎች ለወጣቸው። በክፍሎቹ መካከል «ፕሮሜናድ» እያለ የሚመላለስ አንድ ዜማ አለ፤ እሱም ከሥዕል ወደ ሥዕል የሚራመደው ሰውዬ፣ ማለትም ሙሶርግስኪ ራሱ ነው። እርምጃው እኩል አይደለም፤ አንዴ አምስት፣ አንዴ ስድስት እየቆጠረ ይሄዳል። ወፍራም ሰው፣ ልቡ የተሰበረ፣ ቆም እያለ የሚያይ ሰው እንዲህ ነው የሚራመደው።

ከሥዕሎቹ አንዱ «ቢድሎ» ይባላል፤ በፖላንድ ቋንቋ ከብት ማለት ነው። ግዙፍ መንኮራኩር ያለው፣ በበሬ የሚጎተት ጋሪ ነው። የፒያኖው ግራ እጅ ከሥር እየረገጠ፣ እየጎተተ ይመጣል፤ በላዩ የሚሄደው ዜማም ከጭነቱ በታች ሆኖ እንደሚያንጎራጉር ሰው ነው። ሌላው በሊሞዥ ገበያ የሚጨቃጨቁ ሴቶች ናቸው። ሌላው በፓሪስ አትክልት ቦታ የሚላፉና የሚጣሉ ሕፃናት። አንዱ ደግሞ ሀብታምና ድሃ የሆኑ ሁለት አይሁዳውያን ሲነጋገሩ ያሳያል፤ አንደኛው በድፍኑ ይናገራል፣ ሌላው ይንቀጠቀጣል። ከዚያም ከፓሪስ ከተማ በታች ያለው የዐፅም ዋሻ ይመጣል። እዚያ ላይ አንድ ነገር ይሆናል። እስካሁን ከሥዕሎቹ ውጭ ሲመላለስ የነበረው የተመልካቹ ዜማ በለሆሳስ፣ በሚርገበገቡ ድምፆች ሥር ሆኖ፣ ከዋሻው ውስጥ ይሰማል። ሕያው ወዳጅ ወደ ሥዕሉ ገብቶ ከሙት ወዳጁ ጋር ይነጋገራል ማለት ነው። የድርሰቱ ልብ ይህ ነው። እርምጃው ሁሉ ወደዚህ ለመድረስ ነበር።

እንግዲህ የእንግሊዙ ቡድን ከዐሥሩ ስንቱን ወሰደ? አራቱን። ድንኩን፣ አሮጌውን ግንብ፣ ባባ ያጋ የተባለችውን የጠንቋይ ጎጆና የኪየቭን በር። የበሬው ጋሪ ቀረ። ገበያተኞቹ ቀሩ። ሕፃናቱ ቀሩ። ሀብታሙና ድሃው ቀሩ። ሙታንም ቀሩ። ጋሪና ገበያ፣ ለቅሶና ጭቅጭቅ ከነበረበት ሥራ ውስጥ ጭራቁን፣ ግንቡን፣ ጠንቋይዋንና ታላቁን በር መርጦ ማውጣት በአጋጣሚ የሚሆን ነገር አይደለም። የሚያስፈራና የሚያስደንቅ ተወሰደ፤ ሰው ያለበት ተጣለ። የተመልካቹ እርምጃም ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ነገር ግን የሚደርስበት ሙት ስለሌለ የትም የማይደርስ እርምጃ ነው፤ ከአንድ ጩኸት ወደ ሌላ ጩኸት መሻገሪያ ብቻ ሆኗል። አሮጌው ግንብም ቢሆን ስሙ ነው የቀረው። ሙሶርግስኪ በዚያ ግንብ ሥር አንድ አዝማሪ በትካዜ ሲያንጎራጉር አስቀምጦ ነበር። እነሱ ዜማውን ከያዙት በኋላ ወደ ፈጣን ብሉዝ አሻግረውት ኦርጋኑ እንደልቡ ይጋልባል።

«ራቬልስ በ1922 ለኦርኬስትራ ሲያቀናብረው አልለወጠውምን?» የሚል ተከራካሪ ይነሣል። ለውጦታል። ከፕሮሜናዶቹም አንዱን አስቀርቷል። ዐሥሩን ሥዕሎች ግን አንድም ሳያጎድል ይዟል፤ የበሬውን ጋሪ ሸክም በኦርኬስትራው ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ለከባዱ ለቱባ አሸክሞታል። ራቬል የጨመረው ቀለም በሥዕሉ ውስጥ ያለውን እንድናይ ይረዳናል። ነገር መለወጥ ነውር ነው አላልኩም። ምኑ ቀርቶ ምኑ እንደቆየ መጠየቅ ነው የያዝኩት።

ሌክ ለዜማዎቹ ግጥም ጨምሮላቸዋል። እንደ ገጣሚ አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ ሙሶርግስኪ ያለ አንድ ቃል የገበያ ሴቶችን ጭቅጭቅ እያሰማን፣ ሌክ በብዙ ቃላት ስለ ሕይወትና ሞት በጅምላ ይነግረናል። ትልልቅ ቃላት አሉ፤ ሰው የለም። ከኪየቭ በር በኋላ ተመልካቹ ሲያጨበጭብ ደግሞ ከቻይኮቭስኪ የባሌ ሙዚቃ የተወሰደ የሰልፍ ዜማ ወደ ቀልድ ተለውጦ ይሰማል፤ ያውም የቀልዱ አቀነባበር የእነሱ አይደለም፤ በ1962 በሌሎች ተጫውቶ በእንግሊዝ አገር አንደኛ የወጣ ነው። ቀልድ አልጠላም። ይህኛው ግን በዚያ ምሽት ከልባቸው የተጫወቱት ብቸኛው ነገር ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ቡድን ሥራቸውን የወሰደባቸው የሙዚቃ ደራስያን እነማን እንደነበሩ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል። ሙሶርግስኪ የተራውን ሩሲያዊ አነጋገር ወደ ዜማ ለማምጣት የደከመ፣ «ቦሪስ ጎዱኖቭ» በተባለው ኦፔራው ውስጥ ሕዝቡን ራሱን ገጸ ባሕርይ አድርጎ ያቆመ ሰው ነው። የሀንጋሪው ቤላ ባርቶክ ከጓደኛው ከኮዳይ ጋር ሆኖ የድምፅ መቅረጫ ተሸክሞ ከመንደር መንደር እየዞረ፣ የሀንጋሪን፣ የስሎቫክንና የሩማንያን ገበሬዎች ዜማ በሺህ የሚቆጠር ሰብስቧል። የሞራቪያው ሌዎሽ ያናቼክ ማስታወሻ ደብተር ይዞ በየመንገዱ ሰዎች ሲነጋገሩ የድምፃቸውን መውጣትና መውረድ በኖታ ይመዘግብ ነበር። የአርጀንቲናው አልቤርቶ ጂናስቴራ የሜዳ ከብት ጠባቂዎችን ጭፈራ ምት ወደ ድርሰቶቹ አስገብቷል። አሜሪካዊው አሮን ኮፕላንድ በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1942፣ ለጀነራል ሳይሆን ለተራው ሰው የመለከት ድርሰት ጽፏል። አምስቱም ጆሯቸውን ወደ መሬት የደፉ ሰዎች ናቸው። እውነተኛውን ውሕደት፣ የሕዝቡን ዜማና የትምህርት ቤቱን ሙዚቃ ውሕደት፣ እያንዳንዳቸው በእግርና በዕድሜ ከፍለውበታል። ቡድኑ ደግሞ የተሠራውን ውሕደት አንሥቶ፣ የመጣበትን ጎዳና ትቶ፣ በላዩ ላይ ኤሌክትሪክ ለቀቀበትና «አዋሐድን» አለ።

የባርቶክ «አሌግሮ ባርባሮ» በ1911 ለፒያኖ የተጻፈ አጭር ሥራ ነው። በገበሬ ጭፈራ እንዳለው ዓይነት እግር መሬት ይደበድባል። በቡድኑ የመጀመሪያ ሸክላ ላይ «ዘ ባርቤሪያን» ተብሎ ይገኛል፤ ምቱ አለ፣ እግሩ የለም። በዚሁ ሸክላ ላይ ያናቼክ በ1926 ከጻፈው ሲንፎኒየታ የተወሰደ «ናይፍ ኤጅ» የሚባል ዘፈን አለ። ሸክላው መጀመሪያ ሲወጣ በዘፈኖቹ ትይዩ የባርቶክም የያናቼክም ስም አልተጻፈም ነበር፤ ስማቸው የገባው በኋላ ነው። ወዳጆቻቸው ይህን የአሳታሚ ቸልተኝነት ይሉታል። ይሁንላቸው። «ክላሲካልን ለወጣቱ አስተዋወቁ» ለሚባሉ ሰዎች ግን የደራሲውን ስም መንገር የማስተዋወቅ መጀመሪያ ይመስለኛል።

ጂናስቴራን በተመለከተ የሚነሣ ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ አልሸሸውም። ኤመርሰን የጂናስቴራን የመጀመሪያ ፒያኖ ኮንቼርቶ መጨረሻ ክፍል አቀናብሮ ለ1973ቱ ሸክላቸው ባዘጋጀ ጊዜ፣ ደራሲው ወደሚኖርበት ወደ ጄኔቭ ሄዶ አሰማው፤ ጂናስቴራም ወደደው፣ ፈቀደም። ኮፕላንድም እንዲሁ ፈቅዷል። እንግዲህ «ባለቤቱ የወደደውን አንተ ማን ነህ የምትጠላው?» ይሉኛል። ደራሲ ድርሰቱን እንዲነኩበት መፍቀዱ የርስቱ ጉዳይ ነው። በእኔ ጆሮ ላይ ግን ርስት የለውም። ደግሞም «ቶካታ» የተባለውን ያን ሥራ ከሌሎቹ ለይቼ እሰማዋለሁ፤ ከዋናው ድርሰት ውስጥ የነበረ ቁጣ በፓልመር ከበሮ ውስጥ ጥቂት ተርፏል። ከተወሰዱት ሥራዎች ሁሉ ለመመስገን የሚቀርበው እሱ ነው።

የኮፕላንድ ነገር ግን ከሁሉ ይብሳል። «የተራው ሰው መለከት» ሦስት ደቂቃ ገደማ የሚወስድ፣ ለነሐስ መሣሪያዎችና ለከበሮ ብቻ የተጻፈ ሥራ ነው። ጭር ባለ ቦታ አንድ ሰው ቀና ብሎ እንደሚቆም ዓይነት ድምፅ አለው፤ ኃይሉ ያለው በመካከል ባሉት ዝምታዎች ነው። በ1977 ቡድኑ ወደ ዐሥር ደቂቃ ገደማ አስረዘመው። ዝምታዎቹ በሚንደረደር የቤዝ ጊታርና የከበሮ ምት ተሞሉ፤ ከዚያም ሲንተሳይዘሩ ብቻውን እየተቅበዘበዘ ደቂቃዎቹን ይበላል። አጥሮ የተቀነሰው ቅጂ በእንግሊዝ አገር በሽያጭ ሁለተኛ ወጣ። ፊልሙ የተቀረጸው በሞንትሪያል የኦሎምፒክ ስታዲየም፣ በክረምት፣ በበረዶ መካከል ነው። ለተራው ሰው የተጻፈው መለከት በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር መቀመጫ ባለው ስታዲየም ውስጥ ሲነፋ፣ በመቀመጫዎቹ ላይ አንድም ተራ ሰው አልነበረም። ይህን እኔ ለነቀፌታ ብዬ የፈጠርኩት ምሳሌ አይደለም። ራሳቸው ያሠሩት፣ ዛሬም ማንም ሊያየው የሚችል ፊልም ነው።

በዚያው ዓመት «ሥራዎች» የሚል ርእስ የሰጡትን ድርብ ሸክላ አወጡ። ሦስቱ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገጽ ተካፈሉ፤ ኤመርሰንም በድርሻው በለንደን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ የታጀበ የራሱን ፒያኖ ኮንቼርቶ አስቀረጸ። በትጋት የተሠራ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ተማሪ የመምህራኑን ሁሉ ፊርማ በአንድ ወረቀት ላይ ሲለማመድ ይመስላል፤ ኮፕላንድን እዚህ፣ ባርቶክን እዚያ ትሰማላችሁ፤ የኤመርሰንን ፊርማ ግን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ከዚያ ሰባ ያህል ሙዚቀኞች ያሉበት ኦርኬስትራ አስከትለው ለጉዞ ወጡ። ወጪው ከገቢው በለጠ፤ ከጥቂት ትርኢቶች በኋላም ኦርኬስትራው ተሰናበተ፤ ሦስቱ ብቻቸውን ቀጠሉ። በዚህ ላይ የሚያስተምር ነገር አለ። ኦርኬስትራው ሲሄድ ያው ሙዚቃ ያለ እሱ መቀጠል ከቻለ፣ መጀመሪያውኑ ምን ሊሠራ ነበር የመጣው? የቤት ዕቃ ሆኖ ነበር። የፋርሱ ምንጣፍ እንደነበረ ሁሉ። በ1979 ቡድኑ ተበተነ።

በቅኔ ቤት ያለፈ አንባቢ ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል። ሰምና ወርቅ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ቅኔ አይሆኑም። ሁለቱን የሚሸከም አንድ ኅብረ ቃል ያስፈልጋል፤ ያ ቃል ሲነካ ሰሙም ወርቁም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ኅብረ ቃል የሌለው ሰምና ወርቅ ሁለት ወሬ ነው። በሙዚቃም እንዲሁ ይመስለኛል። በ1966 ቢትልስ «ኤሌነር ሪግቢ» የተባለውን ዘፈን ሲያስቀርጹ ጊታርም ከበሮም አልገባበትም፤ ጆርጅ ማርቲን ያቀናበረላቸው ስምንት የገመድ መሣሪያዎች ብቻ ናቸው የሚያጅቡት። ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ነው። ቫዮሊኖቹ ለማሳመር አልመጡም፤ ብቻዋን ኖራ ብቻዋን የሞተችን ሴት የሚናገሩት እነሱ ናቸው። አውጥታችሁ ጊታር ተኩባቸው፤ ዘፈኑ ይፈርሳል። «ክላሲካል» የሚል ማዕረግ ሳይለምን፣ መድፍም ሳያስተኩስ የተሠራ ውሕደት ነው።

«ወጣቱን ወደ ሙሶርግስኪ መሩት» የሚለው ክርክር በተለይ ከመምህራን ዘንድ ስለሚመጣ በአክብሮት ልመልስለት። በእነሱ ሸክላ በኩል አልፈው ዋናውን ሥራ ያገኙ ሰዎች መኖራቸውን አልጠራጠርም፤ ሰው በማንኛውም በር ይገባል። ነገር ግን መንገድ መሪ የሚመሰገነው ስለሚመራበት ስፍራ እውነቱን ሲናገር ነው። ያን ሸክላ የሰማ ወጣት ስለ ሙሶርግስኪ የሚማረው ግዙፍ፣ አስፈሪና ጯኺ መሆኑን ነው። ሐዘንተኛ መሆኑን፣ ገበያ ለገበያ የሚዞር ጆሮ እንደነበረው አይማርም። ታላቅነትንም ከትልቅነት ጋር አንድ አድርጎ ይማራል። ይህን ትምህርት ለማፍረስ መምህሩ ሁለት እጥፍ ይደክማል።

ለምን በሩቅ አገር ስለ ተበተነ ቡድን ይህን ያህል ቀለም አፈሰሳለሁ? ውዳሴው የተሰፋበት መርፌ በእኛም ቤት ስላለ ነው። ማሲንቆ በትልቅ ኦርኬስትራ ፊት ለሁለት ደቂቃ ሲቆም፣ «ባህላዊውን ወደ ክላሲካል ደረጃ ከፍ አደረገው» ሲባል በየአዳራሹ ሰምተናል። ከፍ አደረገው ማለት ቀድሞ ዝቅ ያለ ነበር ማለት ነው። ባለ ማሲንቆው በዚያ መድረክ ላይ ምን እንደተናገረ፣ ኦርኬስትራው ለንግግሩ ምን መልስ እንደሰጠ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በአንጻሩ ሙላቱ አስታጥቄ በለንደንና በቦስተን የተማረውን ጃዝ ይዞ ሲመጣ የእኛን ቅኝቶች ለማስጌጫ አልጠራቸውም፤ ሥራው በእነሱ ላይ ተመሥርቷል። የአምስቱ ድምፆች ጠባይ የጃዙን አካሄድ ራሱን አስለውጦታል። ሁሉም ሥራው እኩል ነው አልልም፤ ሁለቱ ነገሮች አንዱ ሌላውን ሲነካው ግን ይሰማል።

ኤመርሰንም ሌክም በ2016 ዓረፉ፤ አንደኛው በማርች፣ ሌላው በዲሴምበር። ከ2022 ወዲህ በሕይወት ያለው ካርል ፓልመር በትልቅ የፊልም መጋረጃ ላይ የሁለቱን የቀድሞ ምስል እያሳየ፣ እነሱ በመጋረጃው ላይ ሲጫወቱ እሱ በሥጋው ከበሮውን እየመታ ትርኢት ሲያቀርብ ቆይቷል። ነገሩን የገበያ ብልሃት የሚሉት አሉ። እኔ ግን በዚህ አልስቅበትም። አንድ ሰው ከሁለት ሙት ባልንጀሮቹ ጋር በሙዚቃ ሊነጋገር እየሞከረ ነው፤ ሙሶርግስኪ ለሃርትማን ያንን ዜማ ከዋሻው ውስጥ ሲያሰማ ያደረገውም ይህንኑ ነበር፤ ያ ክፍል ግን በ1971 በኒውካስል ከተጫወቱት ውስጥ የለም።